ለይሕደጎ የተጸለየ

አለም ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ፋርማሲ የምትሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ጦርነቱ የትግራይን ስልክ ካቋረጠ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ኪዳን ሳታደርስ ሥራ የገባችበት ቀን አልነበረም። ትግራይ ለቀረው ወንድሟ ለይሕደጎ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወንድሜን ጠብቅልኝ።» መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ የቀረው የላዩ ብቻ ነው ትል ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ መጥተው ጦርነቱ እዚሁ ያስቀራቸው፣ በሰባ ዓመታቸው በቀን መቶ ጊዜ የሚሰግዱ ሴት ናቸው። ከይሕደጎ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብረዋል። ስሙንም ያወጡለት ለዚህ ነው፤ በትግርኛ «እሱንስ ይተውልኝ» እንደ ማለት ነው።

ስልክ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት ግድም፣ አጎቷ ኣባይ ደወሉ።

«አለም፣ ብቻሽን ነሽ?»

አብራት የምትሠራውን ሸሪፋን ቀና ብላ አየቻት። «ብቻዬን አይደለሁም። ይንገሩኝ አጎቴ።»

«ይሕደጎ የለም። ውሃ ሊቀዳ እንደወጣ ከባድ መሣሪያ አገኘው። ቀብረነዋል።»

«መቼ?»

አጎቷ «በኅዳር» አሉ።

«ባለፈው ኅዳር?»

«አይ ልጄ። በመጀመሪያው። ጦርነቱ በተጀመረ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን።»

ሸሪፋ እጇን ይዛ ከመደርደሪያው ጀርባ አስቀመጠቻት። አለም እንባ አልመጣላትም። ያንገበገባት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ሁለት ሁዳዴ ጾማለች። አይራብ፣ አይብረደው፣ ጥይት አያግኘው እያለች ለምናለች። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ አፈር ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ንጋት ላይ ዘመዶች ከገርጂና ከላምበረት መጥተው ለመርዶ ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ አለምን ወደ ጎን ወሰድ አድርገው፣ «ቀኑን ከጠየቀችሽ በቅርቡ ነው በያት፤ ይህን አትችለውም» ሲሉ መከሯት። እሺ አለች።

ወይዘሮ ለተብርሃን በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ማንም አፍ ሳይከፍት ገባቸው። ደረታቸውን አልደቁም፣ አልጮኹም። አለምን ብቻ አዩ።

«መቼ ነው?»

አለም ልትዋሽ ፈለገች፤ ምላሷ ግን እምቢ አላት። «የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር።»

አሮጊቷ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ታዲያ ያን ሁሉ ስግደት ማን ወሰደው?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ወይዘሮ ለተብርሃን አልሰገዱም። ውዳሴ ማርያማቸውን ለአለም ሰጥተው «አርቂልኝ» አሉ። አለም እውነቱን በመናገሯ ስትጸጸት ከረመች። እሷም ቤተ ክርስቲያን መርገጥ ተወች።

ከመርዶው በአርባኛው ቀን ፍትሐት ተፈትቶ ሰዉ ከቤታቸው ሲበተን የነፍስ አባታቸውን ይዛ አስቀረቻቸው።

«አባ፣ ሁለት ዓመት ለሞተ ሰው ጠብቅልኝ ስል ኖርኩ። እየሰማኝ ለምን ዝም አለ?»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «አላውቅም ልጄ። ዘንድሮ ስንቱ ጠየቀኝ። እኔንም ዝም ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ለምን ይቀድሳሉ?»

«ሌላ ማን አለኝና ልተወው?»

መልሱ አናደዳት። ሳትሳለም ጥላቸው ሄደች።

ሰኞ ንጋት ላይ ግን እግሯ ወስዶ መድኃኔዓለም ቅጥር ውስጥ አቆማት። ኪዳኑ ይደርሳል፤ እሷ የምትለው አጣች። ጠብቅልኝ እንዳትል የሚጠበቅ የለም። በመጨረሻ፣ «ተቀይሜሃለሁ» አለች፤ በጭንቅ የሚሰማ ድምፅ ነበር። በዚያው ልትወጣ ፈልጋ እናቷ ትዝ አሏት። ያቋረጡትን ስግደት በእሳቸው ፈንታ ጀመረችው፤ ከሠላሳ በላይ አልቻለችም። ምንም አልተሰማትም፤ እንባም ሰላምም አልመጣም።

ቤት ስትመለስ ወይዘሮ ለተብርሃን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጣች ነጠላዋን አይተው አውቀዋል።

«መለሰልሽ?»

«አልመለሰልኝም አደይ።»

«ነገስ?»

«እሄዳለሁ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው ግን፣ ሳይዞሩ፣ «ጠዋት ይበርዳል፤ ጋቢዬን ደርቢ» አሏት።