የይታይሽ ሰልማ

ይታይሽ የደረቀውን ነጠላ ከገመዱ ላይ አወረደች፣ ግራ ቀኙን አየችና መልሳ ሰቀለችው። ይሄ እንግዲህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ፀሐይ ገብታ ብርዱ አጥንት ውስጥ ሲገባ፣ ልብስ የሚሰቅል ጤነኛ ሰው የለም። ግን ገመዱ የታሰረው ከጎረቤቷ ከመሰረት መስኮት ሥር ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ያወራል።

«ከማል፣ ልጁ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለች ቱርኳ ሰልማ፣ በአማርኛ። ወዲያው ሙዚቃው ዋጣት።

«የማን ነው? ተናገሪ እንጂ» አለች ይታይሽ፣ ለነጠላው።

መስኮቱ ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው የመሰረት ልጅ፣ ሊያ ናት። በገዛ ቤቷ ውስጥ ሆና አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍናለች።

«እማማ ይታይሽ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልብስ ላነሳ ነዋ።»

«ሲያወርዱ ሲሰቅሉ አየሁዎት እኮ።»

«አልደረቀ እንደሆነ ብዬ።»

«ይግቡ በእናትዎ፣ ይበርድዎታል። ይሄ በሽታ የሚጠናው በትልልቅ ሰው ላይ ነው። ቤት አይምጡ ያልነው ለእርስዎ ብለን ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ዘንድሮ ለእኔ ተብሎ ያልተዘጋ በር የለም።»

ሊያ መስኮቱን ዘጋች። መጋረጃውንም ሳበችው። ይታይሽ ነጠላዋን ጠቅልላ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ገመዱ ሥር አልታየችም።

ይታይሽ ዕድሜዋን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ ስታበጥር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏን ቀብራ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ የቀረች ሴት ናት። በዚህ ዓለም አንድ ነገር ትወዳለች፤ የቱርኩን ድራማ። ኧረ ሁለት ነው፣ ወሬም ትወዳለች። ኮሮና ሳይመጣ በፊት ማታ ማታ መሰረት ቤት ሶፋው ጥግ ላይ ትቀመጥና ለሰልማ አማት መልስ ትሰጣለች፣ ከማልን ትሰድባለች። ማስታወቂያ ሲመጣ ደግሞ የሰፈሩን ታወጣዋለች፤ የማን ልጅ ከአረብ አገር እንደተመለሰች፣ የትኛው ባል ጫጫ ከተማ ላይ ሌላ ቤት እንዳለው። መሰረት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሊያ ግን አንዳንዴ «እስቲ እንስማበት» ትላለች።

ይታይሽን ያብሰለሰላት ይሄ ነው። «ኮሮናው ሰበብ ነው» ትላለች ለራሷ። «ያስወጣችኝ ምላሴ ናት።»

በዚያ ላይ ወገኔ አለች። ወገኔ አንኮበር የምትኖር ታናሽ እህቷ ናት፤ ባል የላት፣ ቴሌቪዥን የላት። ድራማው ሲያልቅ ሁልጊዜ ትደውላለች፣ ይታይሽም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርክላታለች። በሩ የተዘጋ ዕለት ማታም ደወለች።

«እህ፣ ሰልማ እንዴት ዋለች?»

ይታይሽ «በር ዘጉብኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ባሏ የሞተ ጊዜ ወገኔ «ነይ ከኔ ጋር ኑሪ፣ ከተማ ውስጥ ምን አለሽ?» ብላት ነበር፤ እሷም ኮራ ብላ «ሰው አለኝ» ብላ መልሳለች። አሁን የለኝም ልትል ነው?

«ሰልማ?» አለች። «ሰልማማ ዛሬ ጉድ ሆነች።»

ከዚያ ወዲያ በየማታው ፈጠረች። ሲመሽ በሯን ገርበብ ታደርጋለች፣ ብርዱም ይግባ ብላ፤ ከመሰረት ቤት የምትሰማው ግን ሙዚቃና ጉርምርምታ ብቻ ነው። የቀረውን ከራሷ ትሞላለች፤ የልጁን አባት ብቻ ለነገ እያለች ታቆየዋለች። አንዳንዴ ያመልጣታል።

«አማትየዋ እንቁላል ጠብሳ አቀረበችላት» አለች አንድ ቀን። «ሰልማ ግን በጾም አልበላም ብላ ሳህኑን መለሰችው።»

ወገኔ አልተዋጠላትም።

«እታለም፣ ሰልማ እስላም አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«እስላም ሁዳዴ ትጾማለች?»

«ረመዳን ነዋ፣ አንቺ ደግሞ።»

«ረመዳንማ ማታ ይበላል። አልዩ አምባ እስላሞቹ ገበያ ስወርድ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ለኔ ትነግሪኛለሽ?»

«ማታ ነው ማን አለሽ? በጠራራ ፀሐይ ነው የሰጠቻት።»

«በረመዳን በጠራራ ፀሐይ እንቁላል የምትጠብስ አማት?»

«ክፉ አይደለችም? ለዚህ እኮ ነው የጠበሰችው።»

ወገኔ ጥቂት አሰበችበት። «እውነትሽን ነው፣ ክፉ ናት» አለች።

ፋሲካ ሲደርስ መኪና ተከልክሎ ወገኔ ሳትመጣ ቀረች። ይታይሽ ለአንድ አፍ ዶሮ አላርድም ብላ ሁለት እንቁላል ቀቅላ ፈሰከች። አንዱን በላች፣ አንዱን ለነገ አስቀመጠችው። ማታ ስልኩ ሲጠራ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መሰረት ቤት ነው የፈሰክነው፣ ቤቱ ጢም ብሎ። ዶሮው ግን ጨው በዝቶበት ነበር፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቀናቱ እያለፉ ሲሄዱ የይታይሽ ሰልማ ከአማቷ ቤት ወጥታ ፋብሪካ ተቀጠረች፣ ሱፍ ማበጠር ያዘች።

«ቱርክ አገርም ብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ?» አለች ወገኔ።

«ብርድ ካለ ብርድ ልብስ አይኖርም?»

ክረምቱ ሲጀምር ደግሞ ሰልማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ብቻዋን ሆነች። የሚያንኳኳ የለ፣ የሚጠራት የለ። ስትስቅም ብቻዋን ነው።

«ጎረቤት የላትም?» አለች ወገኔ።

«አላት።»

«ታዲያ ከፋኝ አትልም?»

«ኩራት ይዟት ነው።»

«ሞኝ ናት።»

«ሞኝ ናት» አለች ይታይሽም፣ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች።

አንድ ቀን ጠዋት ከግቢው ቧንቧ ውሃ ስትቀዳ መሰረት ጀሪካኗን ይዛ መጣችና ራቅ ብላ ቆመች። ማስኳ አገጯ ላይ ነው።

«ኧረ ጠፋሽ፣ እትዬ ይታይሽ።»

«የት እጠፋለሁ? እዚሁ ነኝ።» ይታይሽ እንደ ዘበት ጨመረች። «ሰልማ እንዴት ናት?»

«የቷ ሰልማ? ውይ፣ ያቺ? እሷማ ሞታ የለ እንዴ። አማትየዋ መርዝ አጠጣቻት፣ ድራማውም በዚያው አለቀ። በፋሲካ ሰሞን እኮ ነው። አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች ይታይሽ። ባልዲዋ ሞልቶ እግሯ ላይ ይፈሳል።

ቤቷ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከፋሲካ ወዲህ የሞተችን ሴት ፋብሪካ ስታስገባ፣ ቤት ስትከራይላት ከርማለች ማለት ነው። የወገኔ ጎረቤት ቃለ አብ ደግሞ ቴሌቪዥን አለው። ድራማው ሲያልቅ አንኮበር አልተወራም? ወገኔ ዛሬ ባትሰማ ነገ ትሰማለች። ያኔ ሁሉንም ታውቀዋለች፤ ቤቱ ጢም ያለውን ፋሲካም፣ «ሰው አለኝ» ያለችውንም። ከዚያ ወዲያ በምን አፏ ታወራታለች?

ማታ እራሴው እነግራታለሁ ብላ ቆረጠች። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አልጠራም። ደወለች። መጀመሪያ ያቺ የስልኳ ሴትዮ እጅዎን ይታጠቡ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ አለቻት።

«እጄማ ታጥቦ አለቀ። እሷን አገናኚኝ እንጂ።»

ሴትዮዋ ግን ስልኩ ዝግ ነው አለች። ደግማ ደወለች፣ ዝግ ነው። ሰምታ ነው የዘጋችብኝ አለች ይታይሽ። ያን ማታ ከመሰረት ቤት ምን እንደተሰማ እንኳ አላዳመጠችም።

በማግስቱ ማታ ስልኩ ሲጮህ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«የት ገባሽ አንቺ ልጅ?»

«መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቶብኝ ነዋ። እዚህ ጉም ብቻ ሆኗል፣ እጅሽን ዘርግተሽ አታይውም። ለምን ድምፅሽ እንዲህ ሆነ?»

«ወጊ፣ የሰልማን ነገር ልንገርሽ። ሰልማ...»

«እንዳትገድያት» አለች ወገኔ።

ይታይሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ማን ነገረሽ?»

«ቃለ አብ ነዋ። ለፋሲካ፣ በአጥር ላይ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ ነው የምትሰሚኝ?»

«ያንቺዋ እስካሁን አልሞተችማ። ደግሞ ምን ላድርግ? እኔም ቃለ አብ ቤት አንዳንዴ ገብቼ አይ ነበር፤ ኮሮና ሲመጣ ለእርስዎ ብለን ነው ብለው ዘጉብኝ። ቀኑን ሙሉ ከዶሮዎቹ ጋር ነው የማወራው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ነገርሽኝ?»

 ወገኔ ፈገግ ስትል በድምጿ ታወቀ።

«የመሰረት ዶሮ ግን እውነት ጨው በዝቶበት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፤ መሰረት ግን ጨው ታበዛለች።»

ተሳሳቁ። ይታይሽ ዕንባዋን ስትጠርግ፣ ገርበብ ያለውን በር አንድ ሰው አንኳኳው። መሰረት ናት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከደጅ ቆማለች።

«እትዬ ይታይሽ፣ ዛሬ አዲስ ድራማ ይጀምራል። ሊያ ማስክ አድርጋ ትምጣ ብላለች። በሩ አጠገብ ወንበር አውጥተንልሻል።» መሰረት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያላንቺ እኮ ማስታወቂያው አላልፍ ብሎናል። ሊያም ራሷ ትናንት፣ ያ የጫጫው ሰውዬ ነገር የት ደረሰ ስትል ነበር።»

 ይታይሽ ስንት ወር የጠበቀችው ቃል ነው። እግሯም ቀድሟት ተነስቷል። ስልኩ ግን ጆሮዋ ላይ ነው፣ ወገኔም ሰምታለች።

«ሂጂ እታለም» አለች ወገኔ ከወዲያ፣ ቀስ ብላ። «እኔ መቼም የት እሄዳለሁ።»

ይታይሽ ወደ መሰረት ቤት አየች። ከመስኮቱ የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ግቢው ላይ ይጫወታል።

«ነገ እመጣለሁ» አለቻት መሰረትን። «የጫጫውንም ይዤ እመጣለሁ፣ ብሶበታል። ዛሬ ግን ሰው ይዣለሁ።»

መሰረት በግርምት አንገቷን አስግጋ ባዶውን ክፍል አየች፣ «እሺ እንግዲህ» ብላም ሄደች። ይታይሽ ያን ሁሉ የብርድ ወራት ገርበብ አድርጋ ስትተወው የከረመችውን በር እስከ መጨረሻው ገፍታ ዘጋችውና መቀርቀሪያውን ወረወረች። አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፣ ጋቢዋንም እስከ አንገቷ ሳበች።

«የት ላይ ነበርን?» አለች ወገኔ። «ደግሞ ያ ልጅ የማን እንደሆነ እስካሁን አልነገርሽኝም።»

«የማን ይሁን ትያለሽ?» አለች ይታይሽ።