ለሁለት የሚጠመዘዝ አንሶላ

በወንዙ ዳር ያሉት አንሶላ አጣቢዎች «ጠያቂዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ልጅ ሳለች «ውሃው ለምን ሞላ? ማን ሞላው? ሲጎድልስ የት ይሄዳል?» እያለች ሰው መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣ ነበርና ስሙ ተለጠፈባት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በማኅበራዊ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትይዝም አልለቀቃትም። የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ሰው ኑሮውን እንዴት እንደሚለውጥ ነበር ያጠናችው። አክስትየዋ ይህን ለጎረቤት ስታስረዳ «ዝናብ ታጠናለች» ትላለች። ከዚያ ወዲህ አጣቢዎቹ ባገኟት ቁጥር ነገ አንሶላ ይሰጣ አይሰጣ እንደሆን ይጠይቋታል። እሷም አላውቅም ማለት እያሳፈራት ሰማዩን አየት አድርጋ «ይሰጣ» ትል ነበር፤ አንዳንዴም ይሳካላታል።

ሥራ ግን ጠፋ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየማስታወቂያው ሥር እግሯ እስኪቀጥን ተንከራተተች። የአየር ንብረትና የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ሞልቷል፤ የሚፈለገው ግን የውሃ መሐንዲስ ነው፣ የሳተላይት ካርታ አንባቢ ነው፣ በኮምፒውተር የሚመጣውን ዘመን የሚያሰላ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል «እና ተዛማጅ መስኮች» ይላል። ሰባት ዓመት በዚያች በ«ተዛማጅ» ተስፋ አድርጋ ኖረች። አልፎ አልፎ የሦስት ወር ሥራ ታገኛለች፤ ለሌላ ሰው ጥናት መጠይቅ ታስሞላለች፤ ጥናቱ ሲታተም ከምስጋናው ገጽ መጨረሻ ስሟ በተሳሳተ ፊደል ይወጣል። አንድ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ቀርባ ከፈታኞቹ አንዱ «ሰው ማነጋገር ደግሞ ሙያ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። የሱ ሳቅ ሳይሆን የገዛ ሳቋ ነው ለዓመታት ሲያንገበግባት የኖረው።

ሙያ ለመሆኑማ ሙያ ነበር። ሰው ካነጋገረች በኋላ ደብተሯን አትዘጋም፤ የጻፈችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላ ለተናጋሪው ታነብለታለች። «እንዲህ አላልኩም» ያለውን ትሰርዛለች፣ «ይህን ጨምሪበት» ያለውን ትጨምራለች። አጣቢዎቹ ይህን ነገር ወደውት ነበር። አንዷማ ባሏን የሰደበችውን ስድብ ስትሰማው ደንግጣ አሰርዛ፣ ነጋ ሲል ተመልሳ መጥታ እንደገና አስጽፋዋለች። ሥራው እጥፍ ጊዜ ቢወስድባትም ጠያቂዋ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ማንበቧ ነበር። ሰው የተናገረውን ሳላሰማው ይዤ ብሄድ ከሌባ በምን እሻላለሁ፣ ትል ነበር።

በስምንተኛው ዓመት አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ወንዙ በየክረምቱ እየሞላ ስላስቸገረ፣ የታችኛውን ሠፈር ነዋሪ ወደ ደረቅ ቦታ የሚያዛውር ፕሮጀክት ተቋቁሟል። ለጋሾቹ ከሰው ጋር የሚነጋገር ባለሙያ ካልተቀጠረ ገንዘብ አንለቅም ብለዋል። «የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያዎች እንዲያመለክቱ በጥብቅ ይበረታታሉ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሕይወቷ በጥብቅ ያበረታታት ሰው አልነበረም። አመልካቾች ለጎርፍ ከተጋለጠ ሠፈር የሰበሰቡትን የናሙና ጥናት ፕሮጀክቱ ባዘጋጀው ቅጽ ሞልተው እንዲያያይዙ ይጠይቃል፤ የቀረው ጊዜ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

ሠፈር ለመምረጥ አላሰበችም፤ የታችኛው ሠፈር ማለት የገዛ ሠፈሯ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለ። እንደ ልማዷ ለእያንዳንዱ እያነበበች ብትሄድ ሦስት ሳምንት አይበቃትም። ስለዚህ ለዚህች አንድ ጊዜ ብቻ ማንበቡን ተወችው። ለዚህች አንድ ጊዜ ብቻ፣ አለች ለራሷ፤ ሥራው ከተገኘ በኋላ ዕድሜ ልኬን አነባለሁ።

አክስቷን ያነጋገረቻት እንደ ሌላው ሁሉ በተራዋ፣ ከወንዙ ዳር ድንጋዩ ላይ ነው። አክስትየዋ ከጎረቤቷ ጋር የሆቴል አንሶላ ትጠመዝዝ ነበር። ትልቅ አንሶላ ውሃ ሲጠጣ ለአንድ ሰው አይበገርም፤ አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ ይዘው በተቃራኒ ሲጠመዝዙት ነው ውሃው ከመሃል የሚወጣው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ለሠላሳ ዓመት የአንድ አንሶላ ሁለት ጫፍ ይዘው ቆመዋል። አክስትየዋ ጎረቤቷን «ወዲያኛዋ» ብላ ትጠራታለች፤ ጎረቤትየዋም እሷን እንደዚያው። ሲጣሉም አፍ ለአፍ ሳይነጋገሩ አንሶላውን ይጠመዝዛሉ፤ ኩርፊያው ከሦስተኛው አንሶላ አልፎ አያውቅም።

ጠያቂዋ ጥያቄዋን አቀረበች፤ ከጎርፍ የራቀ ቦታ ቢሰጥሽ ትሄጃለሽ ወይ?

«እሄዳለሁ» አለች አክስትየዋ፣ ጫፉን ሳትለቅ። «ግን ወዲያኛዋ ከጎኔ ከሆነች ነው። ውሃም ቅርብ ይሁን፣ ማስጫ ሜዳም ይኑር። አንሶላ ለብቻ አይጠመዘዝም። ይህ ካልሆነማ ከጎርፉ ጋር እዚሁ እንተያያለን፤ እሱንስ ለምደነዋል።»

ጠያቂዋ አንዲት ቃል ሳታስቀር ጻፈችው። ደብተሯን ስትዘጋ አክስትየዋ ቀና ብላ አየቻት። «አታነቢልኝም?»

«ዛሬ ቸኩያለሁ እትዬ፤ ሌላ ቀን።»

ቅጹ ላይ ለዚያ ጥያቄ የተዘጋጁት ሳጥኖች ሁለት ናቸው፤ «ፈቃደኛ» እና «ፈቃደኛ ያልሆነ»። በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ደብተሯን ወደ ቅጹ ስትገለብጥ እጇ ሳጥኖቹ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሄዳለሁ ብላለች አይደል? ፈቃደኛ። የቀረውን ቃሏን ሁሉ በአባሪ አያይዘዋለሁ አለች ለራሷ። «እሄዳለሁ፣ ግን» ያለው ዘጠና ሰባት ቤት ነበር፤ ልጄ ከትምህርት ቤቷ ካልራቀች፣ እናቴ ሐኪሟ ቅርብ ከሆነ፣ ከጎረቤቶቼ ካልለያችሁኝ። አባሪው ሳይጻፍ ማመልከቻ መቀበያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀረው፤ ቅጹን ብቻ ላከችው።

ተቀጠረች። ወሬው ሲሰማ አጣቢዎቹ ሸሚዟን ካውያ እየተቀባበሉ ተኮሱላት፤ ወዲያኛዋ ራሷ አንገትጌውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። ቢሮዋ ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ነበር፤ ወረቀት በወጣ ቁጥር ወንበሯን ወደ ፊት መሳብ አለባት። መሐንዲሶቹ «የሰው ኢንጂነር መጣች» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ክፋት የለውም፣ እሷም ትስቃለች። ጠረጴዛዋ ላይ የስም ሰሌዳ ቆሟል፤ ፊደሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነው። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ሰሌዳውን በመሐረቧ ትወለውለው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቁጥር በራ፤ «ከመቶ ሰማንያ ሰባት ፈቃደኛ»። ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ የራሷ ነው። ኃላፊው ረጋ ያለ፣ ቁጣ የማያውቅ መሐንዲስ ነበር። ሁለት ዓመት የታገልንበትን ይህች ልጅ በዘጠኝ ቀን ሠራችው ብሎ አስጨበጨበላት። ከዚያም ቀጠለ፤ ሕዝቡ ፈቃደኛ ስለሆነ ወደ ዕጣ እንገባለን፤ የተዘጋጀው ቦታ ሁለት ነው፣ አንዱ ኮረብታው ላይ፣ አንዱ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፤ አድልዎ እንዳይኖር ዕጣው እያንዳንዱን ቤት ለብቻው ይመድባል። ክፍሉ እንደገና አጨበጨበ፤ ጠያቂዋ ደብተሯ ውስጥ የቀሩትን ዘጠና ሰባት «ግን» አሰበች። ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር።

ስብሰባው ሲበተን ኃላፊው ክፍል ገባች። ያ ቁጥር እንዲሁ መወሰድ እንደሌለበት፣ ሰዎቹ እሄዳለሁ ሲሉ ቅድመ ሁኔታ እንዳላቸው፣ እሱ ቅጹ ውስጥ እንዳልገባ እየተንተባተበች ነገረችው። ኃላፊው እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማት።

«ሠንጠረዡ ስህተት ነው የምትይኝ ከሆነ አሁኑኑ ለለጋሾቹ እጽፋለሁ» አለ። «የተቀጠርሽበት ናሙና ልክ እንዳልነበር እገልጻለሁ፤ ሌላ ባለሙያ ይቀጠርና ጥናቱ እንደገና ይሠራል። ይህ ነውር የለውም። ልጻፍ?»

ከልቡ ነበር የጠየቃት፤ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው። ቢቆጣት፣ ቢያስፈራራት ኖሮ ምናልባት ወኔ ታገኝ ነበር። በሩ ክፍት ነውና ከማተሚያው አጠገብ ያለው ሰሌዳዋ ይታያታል። ሰባቱ ዓመት ከነ«ተዛማጁ» ፊቷ ላይ ተደቀነ።

«አይ ኢንጂነር፤ ለማለት የፈለግሁት… በሁለተኛው ዙር ዝርዝሩን ብናካትተው ጥሩ ነው።»

«በጣም ጥሩ ሐሳብ» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እስከ ዛሬም እዚያው እንደተጻፈ አለ። ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

ዕጣው በትምህርት ቤት አዳራሽ ሲወጣ ድምፅ ማጉያውን የያዘችው ጠያቂዋ ነበረች፤ ሕዝቡ የሚያምነው እሷን ነው ተብሎ። ዕጣ መለዋወጥ ፈጽሞ ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ደንብ ያነበበችውም እሷ ናት፤ መቼም ማንበብ ታውቅበታለች። አክስቷ ኮረብታው ደረሳት። ወዲያኛዋ ከፋብሪካው ጀርባ። በሁለቱ መካከል ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሴቶቹ አላለቀሱም። ወዲያኛዋ «በየት በኩል ነው እሱ?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ አክስትየዋም የማታውቀውን አቅጣጫ በእጇ አሳየቻት። ጠያቂዋ አንገቷን ደፍታ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ በዛብኝ እያለች ኮረብታው ላይ ሳትወጣ ቀረች። ሥራ በእርግጥ በዝቶ ነበር፤ ያልወጣችው ግን ስለፈራች ነው። በመጨረሻ የወጣችውም አንድ ደብዳቤ ደርሷት ነው። በትልቅ ጉባኤ ላይ «የነዋሪውን ድምፅ ማዳመጥ» በሚል ርእስ ንግግር እንድታደርግ ተጋብዛለች፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለማኅበራዊ ሳይንስ ሰው በየቀኑ አይመጣም። ለንግግሯ የአክስቷን ቃል ልትጠቅስ አስባ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ የድሮውን ደብተር በቦርሳዋ ይዛለች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጎርፍ በሕልሙም አይደርስበትም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በቦቴ ይመጣል። ከምታጥብላቸው ሆቴሎች አራቱ ደንበኝነታቸውን ትተው አንድ ትንሽ ሆቴል ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የሚልከው አብዛኛውን የትራስ ልብስ ነው። ዛሬ ግን አንሶላም ነበረበት። በሳፋ ተዘፍዝፎ በሩ ላይ ተቀምጧል።

አክስትየዋ ስማ አስቀመጠቻት፣ ሻይ ሰጠቻት፣ ከስተሻል አለቻት። ጠያቂዋ ስለ ጉባኤው ነገረቻት፤ ቃልሽን ልናገረው ነው፣ ስምሽን አልጠራም፣ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ አለቻት።

«ያኔ ሳታነቢልኝ ሄድሽ» አለች አክስትየዋ። «ደብተሩን ይዘሽዋል?»

ይዤዋለሁ አለች።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ጠያቂዋ ደብተሩን ገለጠች። «እሄዳለሁ» ካለችው ጀምራ እስከ «እሱንስ ለምደነዋል» አነበበችላት። አክስትየዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ልክ ነው። አንድም ቃል አልጎደለም» አለች። ቀጥላም፣ «ታዲያ ለነሱ ሳታነቢላቸው ለምን ቀረሽ?»

«ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም እትዬ። ሳጥኑ ሁለት ብቻ ነበር።»

«ደብተርሽ ላይ ግን ቦታ አግኝቶ ነበር።»

ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ጠያቂዋ እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ልትጠይቅ አሰበች፤ ሥራውን እለቃለሁ ልትልም አሰበች፤ ግን አፏ ላይ የመጣው «እናገርላችኋለሁ፣ ጉባኤው ላይ ሁሉንም እናገራለሁ» የሚል ነበር። ስትናገረው ለራሷም ቀፈፋት።

አክስትየዋ ተነሥታ አንሶላውን ከሳፋው አወጣች፤ አንዱን ጫፍ በመስኮቱ ብረት ላይ ቋጠረችና ሌላውን ይዛ ወደ ኋላዋ ሄደች። ብረቱ በመቋጠር ብዛት ቀለሙ ተልጧል። ጠያቂዋ ደብተሩን ወንበሩ ላይ ጥላ ተንደርድራ ሄደችና ቋጠሮውን ልትፈታ እጇን ሰደደች።

«ተይው» አለች አክስትየዋ። «ብቻዬን ልልመደው።»

ከዚያም መጠምዘዝ ጀመረች። አንሶላው ከዳሩ ከዳሩ ነው የተጠመዘዘው፤ የመሃሉ ውሃ አልወጣ ብሎ እየተንጠባጠበ፣ ጠያቂዋ የቆመችበት ድረስ መጣ።