ለእንግዳ የተቀባው ምሰሶ

ድሬ እንግዳ ይመጣል ሲሏት ትጣደፋለች። መሃል ከተማ ያለውን የባቡርና የአውቶቡስ ጣቢያ መርምሮ የሚያሳድስ ቡድን ሊመጣ ነው በተባለ ዕለት፣ ለዓመታት ዞር ብሎ የሚያየው ያጣው ግቢ ተጠረገ፣ ታጠበ፣ ተቀባ። አይ የኛ ነገር! ሐኪም ሲመጣ ቁስላችንን ሸፍነን፣ ተኳኩለን የምንጠብቅ ሰዎች እኮ ነን።

ዐብዲገኒ የጣቢያው ግንበኛ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ሚክዳድ ጠራውና፣ የመንገደኞቹን ጣራ ከተሸከሙት ምሰሶዎች ሦስተኛው ላይ ያለውን ስንጥቅ ለስነህ ኖራ ቀባው አለው። ዐብዲገኒም ስንጥቁ ጣት እንደሚያስገባ፣ ከታች እስከ ላይ እንደሚዘልቅ ነገረው። ሚክዳድ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ገበናችንን ለእንግዳ አናሳይ፣ ካዩት ደግሞ ጣቢያውን ዘግተው ሁላችንንም ይበትኑናል ብሎ ነው። ዐብዲገኒ ለሰነ፣ ቀባ። እጁ የተባረከ ነውና ምሰሶው ሙሽራ መሰለ።

በማግስቱ ኢንጂነር ኢዲል ከነቡድኗ መጣች። ሁሉም ምሰሶ አዲስ ቀለም ስለለበሰ ከሌላው የሚለይ አላገኘችም። ሦስተኛውን መታ መታ አድርጋ ደህና ነው ብላ ጻፈች። ዐብዲገኒ እፎይ አለ፤ እፎይታው ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

ሚስቱ ናዲፋ ግቢው ውስጥ ሻሂና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ያን ቀን ዕቃዋን ይዛ ወደዚያው ምሰሶ ሥር ተዛወረች፤ ንጹሕ ነው ብላ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀመጠች። ወደ ድሮ ቦታሽ ተመለሺ ቢላት፣ ፀሐይ መትቶሃል እንዴ ብላ ሳቀችበት። እውነቱን እንዳይነግራት ፈራ፤ ናዲፋ ከዚራ ሰፈር የሰማችው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ሳይገባ አያድርም። ቀኑን ሙሉ በሩቁ ጣራውን ሲጠብቅ ዋለ፤ ምሳም አልወረደለት፣ የጫት በርጫም አላማረው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኖራው ላይ መስመር አየ። ፀጉር የምታህል ናት። ሙቀት ነው ብሎ ራሱን ሊሸነግል ሞከረ፤ ግን ግንበኛ ነው። የሙቀት ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር ይበታተናል፤ ይቺ ግን የድሮውን ስንጥቅ መንገድ ይዛ ቀጥ ብላ ወጥታለች። የለሰነው በሁለት ቀን ከተሰነጠቀ ምሰሶው እየተንቀሳቀሰ ነው።

ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ የሚመጣው ባቡር አራት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ሲገባ ግቢው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። አሁን ሦስት ተኩል ነው። ጣራው ሥር ሰዉ ከነሻንጣው፣ ከነልጁ ታጭቋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለማለት ቀላል ነው! ከቡድኗ ጋር ገና ግቢውን ስትመረምር ወደነበረችው ኢዲል ሲሄድ እስር ቤቱም፣ የሚክዳድ ፊትም፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጡም ባንድነት ታዩት። ሊመለስም ቃጥቶት ነበር። ዞር ሲል ናዲፋ ሻሂ ቀድታ ስታበቃ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ ጣል ስታደርግ አየ።

«አቦ ኢንጂነር፣ ሦስተኛው ምሰሶ ደህና አይደለም። ስንጥቁን የለሰንኩት እኔ ነኝ።»

ኢዲል ሄዳ መስመሯን በጥፍሯ ተከተለች።

«መቼ ነው የለሰንከው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ስድብ ሲጠብቅ፣ እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሰዉ ቶሎ ይውጣ፣ ባቡሩም ከከተማው መግቢያ ላይ ይቁም አለች። ሚክዳድ ነገሩ ሲገባው ስልኩን አውጥቶ ባቡሩን እንዲያቆሙት ደወለ። ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ። ናዲፋ ብቻ የሻሂ በራዴ እሳት ላይ ነው ብላ እምቢ አለች፤ ዐብዲገኒ ክንዷን ይዞ እየጎተተ አወጣት፣ ስንጥቁን የለሰነው እሱ መሆኑንም እዚያው ነገራት።

ገና ሜዳው መሃል ሳይደርሱ ከኋላቸው ጣራው አቃሰተ። ምሰሶው ከወገቡ ተሰበረ፤ ብረቱና ቆርቆሮው ናዲፋ የተቀመጠችበት በርጩማ ላይ ወረደ። ሰዉ ያ አላህ እያለ ፈጣሪውን አመሰገነ። አንዳንዶቹም መጥተው የዐብዲገኒን ትከሻ መታ መታ አደረጉ፣ አንተ ባትኖር ኖሮ እያሉ።

ናዲፋ ግን አቧራው እስኪሰክን ጠብቃ ወደ ባሏ ዞረች።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ እዚያ ስቀመጥ ታውቅ ነበር?»

ዐብዲገኒ ዓይኑን ወደተጨፈለቀው በርጩማ መለሰ። ናዲፋም ክንዷን ከእጁ አስለቅቃ፣ ነጠላ ጫማዋን አቧራው ውስጥ እየጎተተች ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።