ወደ በር አሥራ አንድ!

እትዬ ጥሩምባ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲጠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ሾፌሮቹ ነበሩ። አንዴ «ሞላ! ሳበው!» ካሉ፣ ከግቢው ማዶ ሻይ የያዘው ሾፌር ብርጭቆውን ጥሎ ይሮጥ ነበር ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት ግን መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ተከለና እሳቸውን በምስጋና ወረቀት ሸኛቸው። ቤት ከዋሉ ወዲህ ደግሞ ጎረቤት አላስቀምጥ አላቸው። በረንዳ ላይ ቆመው በስልክ ሲያወሩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሕፃን ከእንቅልፉ ይባንናል ተባለ። ተሳቀቁና ድምፃቸውን ዋጡ።

ባሕር ማዶ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ላገባ ነው ያለችው በዚህ መሀል ነው። «አንቺ ካልመጣሽ ሙሽራውን መንገድ ላይ ትቼው ነው የምሄደው!» ብላ ቲኬት ላከች። እትዬ ጥሩምባ ስንቱን መንገደኛ ሸኝተዋል፤ ራሳቸው ግን ከምድር አንድ ክንድ ከፍ ብለው አያውቁም።

ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ናት። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ስታሠለጥናቸው ሰነበተች።

«እማዬ፣ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ትገቢያለሽ። ፓስፖርትሽ ከእጅሽ አይለይም። የማታውቂው ሰው ‹ይቺን ዕቃ ያዢልኝ› ቢልሽ እንዳትቀበዪ።»

«የማውቀውስ ሰው ቢሆን?»

«የምታውቂውንም! ደግሞ የመሳፈሪያ በር በመጨረሻው ሰዓት ሊቀየር ይችላል። ሰሌዳውን ደጋግመሽ እዪ።»

«ሌላስ?»

ልጅቱ ትንሽ አመነታች። «ሌላው… እንዳይከፋሽ እማዬ። እዚያ ሰው ሁሉ በቀስታ ነው የሚያወራው።»

«ገባኝ» አሉ እትዬ ጥሩምባ፣ ከአሁኑ በሹክሹክታ።

በጉዞው ቀን ጠዋት ልጃቸው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር አድርሳ፣ ጉንጫቸውን ስማ ወደ ሥራዋ ሄደች። እትዬ ጥሩምባ ጋሪ ይዘው ተሰለፉ። ሻንጣቸው ሚዛን ላይ ሲወጣ ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል ሆነ። የተፈቀደው ሃያ ሦስት ነበርና፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደረታቸውን ነፉ።

ከኋላቸው የተሰለፉት ቀጭን፣ መነጽራም ሽማግሌ ሳቅ አሉ። «እጅዎ ሚዛን ነው መሰለኝ!»

«የመናኸሪያ ሰው ነኝ። ስንት ሻንጣ ጣራ ላይ አስጭኛለሁ መሰለዎት! እርስዎስ?»

«እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ልጄ ዘንድ ነው የምሄደው።» ሰውየው የእጅ ሰዓታቸውን ከእጀታቸው ሥር ብቅ አደረጉት። «አርባ ዓመት ሙሉ የትም ቦታ አንድ ደቂቃ አርፍጄ አላውቅም።»

ወንበራቸውም ጎን ለጎን ሆኖ ተገኘ፤ አሥራ አራት ሀ እና አሥራ አራት ለ። «እንግዲያው ላይ እንገናኝ» ተባብለው ተለያዩ።

ፍተሻው ላይ ግን እትዬ ጥሩምባን ነገር ገጠማቸው። የእጅ ቦርሳቸው በማሽኑ ሲያልፍ ፈታሹ አስቆማቸውና አንድ ትልቅ የማር ጠርሙስ አወጣ።

«እናቴ፣ ይሄ አያልፍም። ፈሳሽ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ማር ነው እኮ ልጄ። ፈሳሽ ነው እንዴ ማር?»

«ዘቅዝቀው ይዩት እስቲ።»

ዘቀዘቁት። ማሩ ቀስ ብሎ፣ እየተጀነነ ወደ ክዳኑ ወረደ። ፈታሹም እትዬ ጥሩምባም ጉዞውን እስከ መጨረሻው ተመለከቱ።

«ፈሰሰ» አሉ በመጨረሻ፣ ተሸንፈው። «በል አንተ ብላው። ለሙሽራ ነበር።»

ፈታሹ እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ መቀበል አልችልም፣ መጣል ደግሞ ያሳዝናል። ቲኬትዎ ላይ ሁለት ሻንጣ ተፈቅዶልዎታል። ፓስፖርትዎንና የመሳፈሪያ ወረቀትዎን፣ መድኃኒትም ካለዎት መድኃኒትዎን በእጅዎ ያስቀሩና ቦርሳውን ከነማሩ ለጭነት ያስረክቡ። ሰዓት ገና ነው፣ ይደርሳሉ።»

ተመለሱ፤ አስረከቡ። ሚዛኑ ላይ ያለችው ልጅ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልላ፣ ቦርሳውን በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋ አሰረችላቸው። ይሄ ሁሉ ሆኖም ወደ በር ቁጥር አራት ሲደርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ተርፏቸው ነበር። ስለ ምክሯ ልጃቸውን መረቁ። እንደተነገራቸውም ሰሌዳውን በየአምስት ደቂቃው ቀና እያሉ ያዩ ጀመር።

ሲያዩ ሲያዩ፣ አራት የነበረው ቁጥር ብልጭ አለና አሥራ አንድ ሆነ።

ወዲያው ከላይ አንድ ነገር ተንጫረረ። «ክቡራን መንገ… በር… ሽሽሽ…» ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ተደፍቷል፣ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች። የበሩ ሠራተኛ፣ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ወጣት፣ ማይኩን መታ መታ አደረገችው። እምቢ ሲላት አፏን ከፍታ ልትጣራ ሞከረች። የወጣው ፉጨት ብቻ ነበር።

እትዬ ጥሩምባ ጠጋ አሏት። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ጉንፋን…» አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋ አሸዋ የገባበት ይመስላል። «ማይኩም ሞተ። በሩ ተቀይሯል፣ አሥራ አንድ ደግሞ ከሕንጻው ጫፍ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ያለን። አንድ በአንድ ስነግር ጊዜው ያልቃል።»

እትዬ ጥሩምባ ልጃቸውን አሰቡ። ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ሕፃንም አሰቡ። ከዚያ የምታጠባዋን እናት አዩ።

«ልጥራልሽ?»

ልጅቱ ሽበታቸውንና ትንሽዬ ቁመናቸውን አየች። «ሰዉ እኮ ብዙ ነው እማማ።»

እሳቸው ነጠላ ጫማቸውን መሬት ላይ አደላድለው ቆሙ። አንድ እጃቸውን አፋቸው ጥግ አደረጉና አየር ሳቡ።

«በረራ ሁለት መቶ ስድስት! የሁለት መቶ ስድስት ተሳፋሪ! በሩ ተቀይሯል! ወደ አሥራ አንድ! ወደ አሥራ አንድ! ፓስፖርት በእጅ፣ ልጅ በጉያ! የሄደ ይበራል፣ የቀረ ወንበር ያሞቃል! ወደ አሥራ አንድ!»

የተኛው ተነሣ። የቆመው ዞረ። ሽቶ የምትሸጠዋ ልጅ ከሱቋ አንገቷን ብቅ አደረገች፤ ወለል የሚወለውለው ሰውዬ ሳያስበው መወልወያውን ተሸክሞ ወደ አሥራ አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ። አንድ ሰው አጨበጨበ። እትዬ ጥሩምባም ከፊት ሆነው ረጅሙን መተላለፊያ እየተጣሩ ሲያቋርጡ፣ ከየካፌውና ከየሱቁ ሰው እየወጣ ተከተላቸው። ለሦስት ዓመት የታፈነው ድምፅ ሲወጣ ትከሻቸው ሳይቀር ቀለለ።

በር አሥራ አንድ ላይ ሠራተኛዋ ወረቀት እየተቀበለች አሳፈረች። ሲያልቅ ስክሪኑን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«አንድ ሰው ይጎድላል። አሥራ አራት ለ።»

«ሰዓት ሠሪው!» አሉ እትዬ ጥሩምባ።

«በሩ ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ነው የቀረው። ስማቸውን ልንገርዎት?»

«በስማቸውማ ብጠራ ሌላ ሰው ነው ብለው ዝም ይላሉ። በሙያቸው ነው እንጂ!»

መተላለፊያው መታጠፊያ ላይ ቆሙ። «ሰዓት ሠሪው! ኧረ ሰዓት ሠሪው! የሁለት መቶ ስድስቱ ሰዓት ሠሪ!»

ሁለቴ ጠሩ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ከጋዜጣ መሸጫው ጀርባ፣ አንድ እጃቸው ላይ ሻይ፣ ሌላው ላይ ጋዜጣ ይዘው ሽማግሌው ብቅ አሉ። ምንም አልመሰላቸውም።

«እትዬ! ምነው፣ ደህና አይደሉም?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ እርስዎ ነዎት የጠፉት! አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው!»

ሰውየው በትዕግሥት ፈገግ ብለው ሰዓታቸውን አሳዩ። «ኧረ ይረጋጉ። አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ አለን።»

እትዬ ጥሩምባ ሰዓቱን አዩ፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም አዩ። «የየት አገር ሰዓት ነው የሚቆጥሩት?»

የሰዓት ሠሪው ፊት ከጋዜጣው በላይ ነጣ። «ልጄ ዘንድ ስደርስ እንዳልደናገር ብዬ… ጠዋት ከቤት ሳልወጣ በእነሱ ሰዓት ሞላሁት።»

«ሲደርሱ ይሞሉታል! ይሩጡ!»

ሮጡ። ጋዜጣው እዚያው ቀረ፣ ሻዩ እመንገድ ላይ አለቀ። ባለሻርፗ ልጅ በሩን በእግሯ ይዛ ነበር የጠበቀቻቸው። እትዬ ጥሩምባ ሲያልፉ እጃቸውን ይዛ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ «ዕድሜ ይስጥልኝ» አለቻቸው።

አውሮፕላኑ ሲነሣ እትዬ ጥሩምባ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰዓት ሠሪውን እጀታ ጨመደዱ። አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ወለል ላይ ተንከባለለ። ሰውየው ቁልፉን ለመፈለግ እንኳ አላጎነበሱም። «ለእርስዎ ኮቱም ቢቀደድ አይቆጨኝም» አሉ። እትዬ ጥሩምባ ዓይናቸውን ሲገልጡ ደመናው ከሥራቸው ተዘርግቷል። ረጅም ሰዓት በመስኮቱ አዩ።

ካረፉ በኋላ እትዬ ጥሩምባ የፓስፖርቱን ሰልፍ ጨርሰው፣ ሻንጣቸውንና ቦርሳቸውን ከነማሩ ደህና ተረክበው ወደ መውጫው ገፉ። ሰዓት ሠሪውም ከልጃቸው ጋር እየተቃቀፉ ከሩቅ እጃቸውን አወዛወዙላቸው።

እህታቸው ከአጥሩ ማዶ እየዘለለች ትጠብቃቸዋለች፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ፣ ደግሞ ሳቁ። ከእህቲቱ ጀርባ አንድ ዝምተኛ፣ ረጅም ሰው እቅፍ አበባ ይዞ ቆሟል።

እትዬ ጥሩምባ ከጫማው እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰውየው።

«በእናት በአባቷ ቦታ ያለሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁኝ።»

«እንደዚህ የምትዘለውን ልጅ ትችላታለህ?»

ሰውየው እህትየዋን አየት አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «አብሬ እዘላለሁ እንጂ፣ ማን ይችላታል?»

እትዬ ጥሩምባ አበባውን ተቀበሉትና ጋሪውን ወደሱ ገፋ አደረጉለት። «በል ንዳው» አሉ። «መኪናው ወዴት ነው?»