መጋዘኑ መሃል የነበረችው ክፍል

አዲሱ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለው መጋዘናችን የገባው አዝመራው ሊደርስ ሲል ነው። ማሽኑ አቧራውንና ገለባውን ራሱ ይለያል፤ የሚተርፈውን ጠጠር ለቃሚ ሴቶቹ በፊታቸው ከሚያልፈው የማሽኑ ቀበቶ ላይ ይለቅማሉ። የእጅ ወንፊቱ ይቀራል፣ ሰው ግን አይቀነስም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ባለቤቴ ባህሩ ካረፈ ወዲህ ድርጅቱን የምመራው እኔ ነኝና ቃሉን መጠበቅም የእኔ ፋንታ ነበር።

በሙከራው ቀን ስገባ ግማሾቹ ሴቶች በርጩማ ላይ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይለቅማሉ። የቀሩት ቆመዋል። ቀበቶው ግድግዳውን ተጠግቶ ስለተተከለ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው።

"የቆሙትስ?" አልሁ።

የለቃሚዎቹ አለቃ ዘምዘም ቀድማ መለሰች። "እኛ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ እትዬ አይናዲስ። ዛሬ እነሱ፣ ነገ እኛ፤ እየተፈራረቅን እንሠራለን። ኸላስ፣ አለቀ።"

"ገቢያችሁ በግማሽ ሊቀንስ?"

"እንችለዋለን።"

"ግድግዳውንም ለምደነዋል" አለች ውቢት ከበርጩማዋ ሳትዞር። "እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድረናል፤ የቀረን መንበርከክ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ማሽኑን የተከለውን መካኒክ አለምሰገድን ጠራሁት።

"ለምን ከመሃል አልተከልኸውም? ከመሃል ቢሆን ግራና ቀኝ ሁሉንም ያስቀምጥ ነበር።"

"የመብራት መስመሩ ለግድግዳው ይቀርባል ብዬ ነው" አለና ወደ ጋሽ ፈረደ ተመለከተ። ጋሽ ፈረደ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፤ ከባህሩ ጋር ሥራውን የጀመሩ ሰው።

"ኧረ ውሸቱን!" አለች ውቢት። "መስመሩ የወረደው ከመሃል አይደለም እንዴ?"

ዘምዘም በክርኗ ጎሰመቻት።

ቀና ብዬ አየሁ። ገመዱ ከጣሪያው የሚወርደው በባህሩ ክፍል አናት ላይ ነው። ከጣውላና ከመስታወት የተሠራች ትንሽ ክፍል ናት፤ መጋዘኑ መሃል ላይ ቆማለች። ባህሩ እዚያ ተቀምጦ ሥራውን ሁሉ ያይ ነበር። ከሞተ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም ገብቶባት አያውቅም። እንዳይገባባት የከለከልሁት ሰው ግን አልነበረም።

"ጋሽ ፈረደ፣ ከግድግዳው አስጠጋው ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"ሁላችንም ነን፣ ልጄ።" ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። "ያችን ክፍል እናፍርስ ብለን በምን አፋችን እንጠይቅሽ? ቀኑን መካፈል ቀለለን።"

ወደ ክፍሏ ገባሁ። የባህሩ ባርኔጣ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አውርጄ አቧራውን አራገፍሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። በመስታወቱ ሴቶቹ ይታዩኛል፤ ሁሉም ሌላ ሌላውን ያያሉ።

ስወጣ አለምሰገድን፣ "መፍቻ ይዘሃል?" አልሁት።

"ይዣለሁ።"

"በመስታወቱ ጀምር። እንዳትሰብረው።"

ጋሽ ፈረደ እጅጌያቸውን ሰብስበው መስታወቱን ሊይዙለት ሄዱ፤ ዘምዘምም ቆመው የነበሩትን ሴቶች ጠራች፤ ጣውላውን አብረው ማውጣት ጀመሩ።

"ከእንግዲህ ከየት ሆነው ሊቆጣጠሩን ነው፣ እትዬ?" አለች ውቢት።

"መሃላችሁ በርጩማ እይዛለሁ።"

"ወይ ጉዴ! ታዲያ ማንን ልናማ ነው?"

"አንቺን" አለቻት ዘምዘም።

አሁን ቀበቶው መጋዘኑ መሃል ነው። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ የሚፈራረቅ የለም። ማሽኑ ስለሚጮህ ወሬያቸውን ትንሽ ጎላ አድርገው ያወራሉ፣ ሳቃቸው በር ድረስ ይሰማል። መስታወቱን ጋሽ ፈረደ በምሥራቁ ግድግዳ መስኮት አድርገው አስገጠሙት። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ በእሱ ገብቶ ሰሊጡ ላይ ያርፋል፤ ጠጠሩን ለመለየት ጥሩ ብርሃን ነው።

እኔም ቃሌን ጠብቄ ከዘምዘም አጠገብ ተቀመጥሁ።

"እጅዎ ይፍጠን እንጂ!" አለች ውቢት በመጀመሪያው ቀን። "ይኸው አንዱ ጠጠር አመለጠዎት!"

እውነቷን ነው፣ አመለጠኝ። ከቀበቶው ማዶ፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ለቃሚ ሰይዳ አነሳችው።