አምስት ከአምስት

፩

ሁሉም መምህራን ከተማሪዎቻቸው አምስት ከአምስት አገኙ።

ሁሉም።

፪

አንባቢ ሆይ፣ ደስ ካለህ ቸኩለሃል። ኡስታዛ ረምላም ቸኩላ ነበር። ስሙን የማልነግርህ የአንድ የግል እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የጥራት ክፍል ኃላፊ ናት፤ ደግሞም ታስተምራለች። ተማሪዎቹ መምህራኑን የመዘኑበትን ቅጽ አስጠርዛ ለፈቃድ እድሳት ለመጡት ገምጋሚ፣ ለአቶ ጌትነት፣ በኩራት ሰጠች። እሳቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና መነጽራቸውን አወለቁ።

፫

ገምጋሚ፦ ይህን የሞላው ማነው?

ረምላ፦ ተማሪዎቹ ናቸው።

ገምጋሚ፦ አንድም ቅር ያለው ተማሪ የለም?

ረምላ፦ የለም፣ ሁሉም አምስት ሰጥተዋል።

ገምጋሚ፦ የፈጠራ መረጃ ነው ብዬ ከጻፍኩ ፈቃዱ አይታደስም። ይገባዎታል አይደል?

፬

ገባት። በሩ ቢዘጋ እነዚያ ሁሉ ልጆች የት ይገባሉ?

ክፍል ገብታ ብትጠይቅ ሁሉም አቀረቀሩ። ኸድራ የምትባል ተማሪ ናት እውነቱን የነገረቻት። መምህሩ በሌለበት ጉድለቱን መዘርዘር ሐሜት ነው ብለው ፈርተዋል፤ አምስት ሰጥተው ተገላገሉ።

ረምላ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ምዘና ሲሞላ መምህሩ ይውጣ ያለችው፣ ልጆቹ እንዳይፈሩ ብላ፣ ራሷ ናት።

፭

የረምላ መመሪያ፣ እንደገና፦

መምህሩ አይውጣ። ፊት ለፊት የተነገረ ሐሜት አይደለም፣ ምክር ነው። አሁን መምህር ምረጥ። ገምጋሚ እየሰማ ጉዱ እንዲነገርበት የሚቀመጥ ማን አለ?

ራሷ።

፮

ወለድ አልባ የባንክ አሠራር የምታስተምረው እሷ ናት። ወንበር ስባ ከተማሪዎቹ ፊት ተቀመጠች። አቶ ጌትነት ከኋላ።

«ይኸው አለሁ፣ እየሰማኋችሁ ነው» አለች። «ለአላህ ብላችሁ ተናገሩ።»

ኸድራ ተነሳች።

«ኡስታዛ፣ አፉ ይበሉኝ። አልገባኝም ያለውን ይቆጡታል። ስለዚህ ገብቶናል እንላለን። ግን አልገባንም።»

የረምላ ፊት ጋለ። ልትቆጣ አፏን ከፈተች።

ሌላ እጅ ተነሳ። ሌላም። ክፍሉ ሙሉ እጅ ሆነ።

«ይህን አምናለሁ» አሉ አቶ ጌትነት፣ ብዕራቸውን እያወጡ። «ፈቃዱ ግን የሚታደሰው ጉድለት ስለተገኘ ሳይሆን ሲታረም ነው። ለልጅቷ ምን ይመልሱላታል?»

ኸድራ አልተቀመጠችም።

፯

ረምላ፦ አልቆጣም፤ ያልገባሽ የቱ ጋ ነው?