የጠፍር ወንበር ያላት ጂፕ

ዘርአ ዳዊት በጎረቤላ ከተማ ኮርቻ ሠሪ ነው። ኮርቻ ሠሪ በቅሎ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው በዚያ ዘመን የመዘዞን መንገድ ይዞ ቢሄድ ይበቃው ነበር። ዘርአ ዳዊት የሠራውን ኮርቻ ገበያ የሚያደርስበት ሌላ መላ ስላልነበረው በገዛ ጀርባው ላይ ጭኖ ነበር የሚሄደው። መንገደኛው ሁሉ ቆም ይልና ያየዋል። አንዱ ልጓሙን የት እንደጣለው ይጠይቀዋል፤ ሌላው ደግሞ እንግዲህ ማን ሊጋልብህ ነው ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። አስር ወር ሲሞላው ግን ሳቁም አለቀ፣ ወገቡም አለቀ።

በቅሎዋን የወሰዳት ጓድ ገብሬ ነው። ሙሉ ስሙ ገብረመንፈስቅዱስ ነበር፤ ካድሬ ሆኖ ከተመደበ ወዲህ መንፈስ ቅዱሱን አስቀርቶታል፤ አሁንም ሙሉውን የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት ይባላል። ይሄ ሰውዬ አንድ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣና ደጅ ላይ ቆሞ ወረቀት አነበበ። ቦሪት የተባለችው በቅሎ ለአብዮቱ ሥራ ለጊዜው ትፈለጋለች ይላል ወረቀቱ። ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ ግን አንድም ቃል የለበትም።

ቦሪትን ከውርንጭላነቷ ጀምሮ በእጁ መዳፍ ገብስ እያበላ ያሳደጋት ዘርአ ዳዊት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ጓድ ገብሬን ተሸክማ በደጁ ታልፋለች። ኮርቻውም ቢሆን የዘርአ ዳዊት የገዛ እጁ ሥራ ነው። ሰውዬው ደግሞ መጫን አያውቅም፤ የሆድ ማሰሪያው ሁልጊዜ እንደላላ ነው፤ ኮርቻው ወዲያና ወዲህ እያለ ጀርባዋን ሲፍቀው ዘርአ ዳዊት ከግቢው ሆኖ ያያል። ወጥቶ እንዳያጠብቅላት ይፈራል። ቦሪት ከደጁ ስትደርስ አንገቷን ወደ ግቢው ታዞራለች፣ ጓድ ገብሬ ልጓሙን ይጎትታል፣ ዘርአ ዳዊትም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በእውነት ለመናገር አንዳንድ ጠዋት ያለቅስ ነበር።

ጉዱ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ጓድ ገብሬ መኪና አለው። ደብረ ብርሃን ካለ የጦር ሰፈር የወጣች፣ ስንት ጦር ያዘለች አሮጊት ጂፕ። ሞተሯ ይነሳል፣ ጎማዋ ይዞራል፤ ወንበር ግን የላትም። ማን እንደነቀለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሾፌሩ አስር አለቃ ዓወል የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ባዶ የጥይት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳት። ጓድ ገብሬ በበኩሉ የቢሮውን ወንበር አስገብቶ ሞክሯት ነበር። ገና የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ እሱ ወደ ፊት ሄደ። ቦሪት ለአብዮቱ ያስፈለገችው ከዚያ በኋላ ነው።

መላውን ያመጣው ዓወል ነው። ሳጥኑ መቀመጫውን ቢጨርሰው ጊዜ፣ ኮርቻ የሚሠራ ሰው እዚሁ አጠገባችን እያለ እኛ ለምን እንሰቃያለን ብሎ ለጓድ ገብሬ ነገረው። ጓድ ገብሬም ዘርአ ዳዊትን ቢሮ አስጠርቶ፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "አልዩ አምባ ወርጄ እስክመለስ ሳልንሸራተት የምቀመጥበት ወንበር ከሠራህ በቅሎህን ትወስዳለህ" አለው። ዘርአ ዳዊት ጉልበት ሊስም ምንም አልቀረው።

በዕድሜው መኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ኮርቻ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይለካል፤ የበቅሎዋን ጀርባና የጋላቢውን መቀመጫ። ጂፕዋን ለካ። ከዚያ ገመዱን ይዞ ቢሮ ገባና ጓድ ገብሬን አስነስቶ፣ ይዙሩ፣ ትንሽ ጎንበስ ይበሉ እያለ ዙሪያውን ለካው። ጸሐፊዎቹ ፊታቸውን ወረቀት ውስጥ ቀበሩ። ዘርአ ዳዊት በገመዱ ላይ ቋጠሮ እያሰረ ሰፊ ነው አለ፤ ለራሱ ነበር ያለው፣ ድምፁ ግን ሁሉም ጋ ደረሰ።

ከወይራ እንጨት ለሾፌሩ አንድ፣ ለጓድ ገብሬ አንድ ፍሬም አወጣ። እያንዳንዱን እንደ አልጋ በበሬ ጠፍር ጠፈረው፣ የመንዝ በግ ጸጉር ጠቀጠቀበት፣ ላዩን ለስላሳ ቆዳ አልብሶ ቅቤ ቀባው። ብሎን የሚባለውን ነገር ስላላመነው ወንበሮቹን ከጂፕዋ ወለል ጋር ያያያዛቸው በእርጥብ ጠፍር ነው፤ ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ እንደ ቀንድ ይጠነክራል። ሲጨርስ ዓወል ወጥቶ በራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ አልሃምዱሊላህ አለ።

ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው ዳገት ሲሞክሩት ጓድ ገብሬ ሳይቀር አመሰገነ። ዞረው ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ሲሉ ግን ሌላ ሆነ። የመጀመሪያው መጠምዘዣ ላይ ቅቤ የጠጣው ቆዳ ሰውዬውን ሸርተት አድርጎ ለቀቀውና ከጂፕዋ የፊት መስታወት ሥር ወሸቀው። ጉልበቱ አገጩን አግኝቶታል። ዓወል ጎትቶ ለማውጣት ብዙ ታገለ።

ጓድ ገብሬ ወዲያው ዘርአ ዳዊትን አስጠራና ሆን ብለህ ነው ወይ ብሎ ጮኸበት። ዘርአ ዳዊት ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር።

"ቁልቁለቱንም ተቀምጠው ነው እንዴ የወረዱት?" አለ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ይወርዱና በእግርዎ ይሄዳሉ እንጂ። ቁልቁለት ላይ ማን ጀርባዋ ላይ ይቀመጣል? እኔ ኮርቻ ስሠራ ለሜዳና ለዳገት ነው የምሠራው።"

"መኪና ናት እኮ፣ ሰውዬ!"

ዘርአ ዳዊት እንግዲህ መኪናም ብትሆን ታሳዝናለች ሊል ነበር፣ ተወው። በሦስተኛው ቀን፣ በገበያው ዕለት፣ አልዩ አምባ ላይ ትልቅ ስብሰባ አለ፤ እስከዚያ ካልተስተካከለ በቅሎዋን እርሳት ተባለ።

ለሚንሸራተት ጭነት መድኃኒቱ አንድ ነው፣ በደንብ መጠፈር። ዘርአ ዳዊት ከአንድ ወፍራም ቆዳ ሁለት ሰፋ ያሉ ጠፍሮች ቀደደ፤ አንዱ በደረት፣ አንዱ በወገብ አልፎ ከወንበሩ ጀርባ የሚቋጠር። ሁለቱ ቀን ዝናብ ስለነበረ ጠፍሩ አልደረቀም። በገበያው ጠዋት ጓድ ገብሬ ሲመጣ ዘርአ ዳዊት ለመነው፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይንካው፣ እርጥብ ጠፍር ሰው ላይ አይታሰርም አለው። ሰውዬው ስብሰባው ያንተን ጠፍር አይጠብቅም አለና ወጥቶ ተቀመጠ። ዘርአ ዳዊት የጭነት ቋጠሮውን ከኋላ ቋጠረለት። ዓወል የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ጂፕዋን አስነሳ። ወደ ቆላው፣ ወደዚያ እሳት ወደሆነው ፀሐይ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘርአ ዳዊት የሰማው ከዓወል ነው። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ጠፍሩ መሰብሰብ ጀመረ። አልዩ አምባ ሲገቡ ጓድ ገብሬ ከወንበሩ ጋር አንድ ሆኖ፣ እጁ ከጎኑ ተጣብቆ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር። ገበያተኛው ዞር ብሎ አየ። ያየውም የጦር መኪና፣ ጠመንጃ የያዘ ወታደርና በጠፍር የተጠፈረ ካድሬ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ወዲያው ከጨው ተራ አንዲት ሴት እልል አለች። ተያይዞ ገበያው በሙሉ እልል አለ። ጓድ ገብሬ አልተያዝኩም ብሎ ጮኸ፤ የተያዘ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው ብለው ሳቁበት። ትናንት ለንግግሩ ያጨበጨበለት የቀበሌ ሊቀመንበር ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይሄን አድሃሪ እኔ ድሮም ጠርጥሬው ነበር ማለት ጀመረ። ዱላ ያነሱም ነበሩ። ዓወል ነገሩ እንዳላማረ ሲያይ ጂፕዋን አዙሮ ዳገቱን ተያያዘው። ከገበያው ወጣ ብሎ ሊቆርጥለት ሳንጃውን መዘዘ። ጓድ ገብሬ ግን ያን ሁሉ እልልታ ከሰማ በኋላ ማንም ሰው ስለት ይዞ ወደ ደረቱ እንዲጠጋ አልፈለገም። ወደ ሠራው ሰው ውሰደኝ አለ።

ጂፕዋ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ፈልታ ቆመች። ወሬው በአቋራጭ ቀድሟት ጎረቤላ ገባ። ዘርአ ዳዊት ደጁ ላይ ወስፌውን እየሳለ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ጓድ ገብሬ ግቢ ሲሮጥ አይቶ ምንድነው ቢል፣ ሰውዬው ተጠፍሮ ተወሰደ አሉት። በጎረቤላ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ያ ጠፍር ጠብቆ ነው እንጂ ማንም አልያዘውም ሊል አፉን ከፈተ፤ ማን ሊሰማው። ሰዉ ጓድ ገብሬ የወሰደበትን ሁሉ ከግቢው እያወጣ ወደየቤቱ መውሰድ ጀምሯል፤ ደመቀች የተባለችው ባልቴት ሙክቷን እየጎተተች አለፈች፤ መምሬ ብርሃነ መስቀል ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የተዋጣውን ቆርቆሮ በሁለት ሰው አሸክመው አለፉ። ከኋላቸው የዘርአ ዳዊት ሚስት ወለተሐና ቦሪትን እየሳበች መጣች።

"መልሻት" አላት። "ሰውዬው አልተያዘም፣ አሁን ይመጣል።"

"እኔ አልመልስም" አለች ወለተሐና። "ከፈለግህ አንተ መልሳት።"

ዘርአ ዳዊት ሊመልሳት ልጓሙን ያዘ። ቦሪት አፍንጫዋን ብብቱ ውስጥ ወሽቃ ተነፈሰች። እጁ አልታዘዘውም። እንደዚያው ልጓሙን እንደያዘ ቆሞ ሳለ የጂፕዋ ድምፅ ከታች ተሰማ።

ሰው ሁሉ ከአጥር ጀርባ ገባ። ጂፕዋ ቀጥ ብላ ዘርአ ዳዊት ደጅ ላይ ቆመች። ጓድ ገብሬ ከወንበሩ ላይ አንገቱን ብቻ አዞረና በቅሎዋን አየ። ከዚያ በየአጥሩ ላይ ያለውን ዓይን አየ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይቆጣል ብሎ ዘርአ ዳዊት ጠብቆ ነበር፤ ሰውዬው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሁሉም እልል አሉ" አለው። ዘርአ ዳዊት ሳያስበው አዘነለት።

ማሰሮ ውሃ አምጥቶ ቋጠሮው ላይ አፈሰሰ። ወስፌውን ከኋላ አስገባ። ከዚያ ከየት እንደመጣለት ሳያውቅ፣ አጥሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጠየቀ፤

"ጓድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተቱ?"

"አልተንሸራተትኩም።"

"ዳገቱ ላይስ?"

"አልኩህ እኮ፣ አልተንሸራተትኩም። ፍታኝ።"

"እንግዲያስ ቃልዎን አክብረው በቅሎዬን አስቀድመው ስለላኩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።"

ጓድ ገብሬ በየአጥሩ ላይ ያለውን ዓይን እንደገና አየ። የላክሁት እኔ አይደለሁም ቢል ማን ወሰዳት፣ ለምን ወሰዳት ሊባል ነው፤ የአልዩ አምባ እልልታ ደብረ ብርሃን ላሉት አለቆቹ ሊነገር ነው። አዎ ልኬያለሁ አለ።

ይህን ጊዜ ደመቀች ከአጥሩ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሙክቷን ስለመለሱላት እጅ ነሳች። ጓድ ገብሬ ዘርአ ዳዊትን አየው፤ ዘርአ ዳዊት አንገቱን ደፍቶ ቋጠሮውን ይታገላል። እሱንም ልኬያለሁ አለ ሰውዬው። መምሬ ብርሃነ መስቀል ስለ ቆርቆሮው በረጅሙ መረቁት፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ አሜን አለ። ከዚያ የባቄላ ጆንያ መጣ፣ ከዚያ ድስት፣ ከዚያ አካፋ። ሰው ተራ ይዞ እየመጣ አመሰገነ፤ ጓድ ገብሬም ለሁሉም ልኬያለሁ አለ። ቋጠሮው ደግሞ እንደ ከበደ ነው። ዘርአ ዳዊት ላቡ በግንባሩ እየወረደ ወስፌውን ያስገባል፣ ያወጣል፣ ውሃ ጨምሩልኝ ይላል። የመጨረሻዋ ሴት ስለ ወንፊቷ አመስግና ስትሄድ ነው ጠፍሩ ተፈቶ ወለሉ ላይ የወደቀው። ጓድ ገብሬ እግሩ ደንዝዞ ነበርና ዓወል ደግፎት ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ማንንም ምንም አልጠየቀም።

ሰው ሲበተን ወለተሐና ለቦሪት ድርቆሽ እየጣለች፣ ያ ቋጠሮ እንዲያ ከባድ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

"ገና ወስፌ ሳስገባበት ነው የተፈታው" አለ ዘርአ ዳዊት። "ሰልፉ እስኪያልቅ በእጄ ይዤው ነበር።"